ድንጋዩ ከሮማኑ ሥር ነው

ቆቦ፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ደጀን፣ ዓይኔ፤

የሎጊያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ይህን ወረቀት ሙሀመድሰይድ በአይሱዙው ያደርስልሃል። በስልክ ያልነገርኩህ ስለምትጮህ ነው። አንተ ስትጮህ እኔ የምለው ይጠፋኛል።

በድምፅ የላክህልኝን ደጋግሜ ሰማሁት። «ወንድሜ አፈር ለብሶ አንቺ አበባ ትኮተኩቻለሽ። ሰኔ ላይ መጥቼ የቢኒያምን ደም እመልሳለሁ» ያልከውን። መሣሪያ መግዛትህንም ሰምቻለሁ።

እሺ። ስለ አበባው ልጻፍልህ።

ሮማኑ አብቧል። ዘንድሮ ቅጠሉ እስኪጠፋ ነው ያበበው፤ ከበሩ ላይ ሆነህ ስታየው ቁስል ይመስላል። ሎሚው ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ወፍ ሰፍራለች። ትንሽ ናት፤ አንበጣ ትይዝና ከነሕይወቱ እሾህ ላይ ትሰካዋለች። ሰኞ ዕለት እንሽላሊት ሰክታ ነበር። እግሩ ብዙ ቆየ፣ ሲንቀሳቀስ። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ የዚህችን ወፍ ስም አላውቅም። ከጎጆው የወደቀ ጫጩትም ነበር፤ ጉንዳኖቹ ከዓይኑ ጀመሩ። ቁጭ ብዬ አየሁ። አልከለከልኳቸውም።

አንተ የምኮተኩት ይመስልሃል።

ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ነኝ። አላምረው እርሻ በምናጠጣበት የጎርፍ ውሃ ተራ ተጣልቶ ወንድምህን በአካፋ ከመታው ወዲህ። አንተ ለቀብር አልደረስክም። ራሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ማጅራቱ ተከፍቶ ነበር። ደለል ገብቶበታል፤ በጣቴ ሳወጣ፣ ሳወጣ፣ አላልቅ አለኝ። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ሽማግሌዎች አላምረውን ይዘው መጡ። ሳይነግሩኝ። ቢነግሩኝ በር እንደምዘጋ ያውቃሉ።

ደንቡን ታውቀዋለህ። አስከሬን በወጣበት በር ገዳይ አይገባም። ስለዚህ አያ አራጌ የኋላውን አጥር ከፍተው አስገቡት። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ የሟች ወገን ካላነሳለት አያወርደውም። ያንን ሁሉ ደንብ አንድ በአንድ ጠብቀው፣ ከኋላው አጥር ሥር ቀፎ እንዳለኝ ረሱ። የግንቦት ቀትር፣ ላብ ላብ የሚሸቱ አምስት ወንዶች። አላምረው ሊንበረከክ ዝቅ ሲል ድንጋዩ የቀፎውን ባላ መታው። ቀፎው ወደቀ፤ ተሰነጠቀ።

ሽማግሌዎቹ ሮጡ። አያ አራጌ ነጠላቸውን ጥለው በአጥሩ ላይ ሄዱ። ጎረቤታችን ሂባ በኋላ፣ «እትዬ ተናኜ፣ ሽማግሌ አጥር ሲዘል ዕድሜ ልኬን አላየሁም፤ አላህ ያቆያቸው፣ ለካ ጉልበት አላቸው» ብላ ሳቀች። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል።

አላምረው አልሮጠም። ተንበርክኮ ቀረ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ስለያዘ ፊቱን መከላከል አልቻለም። ዓይኑ ላይ፣ ጆሮው ውስጥ፣ ከንፈሩ ላይ። እያየሁት አበጠ። የሰው ፊት መሆኑ ቀረ። «እትዬ» ይላል። «እትዬ፣ እትዬ።» ሌላ ቃል የለውም።

ማድቤት ውስጥ ኩበት እየጨሰ ነበር። ይዤው ብወጣ ንቦቹ ይበተኑ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ወፏም ሎሚው ላይ ነበረች።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርህ።

ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። እጄን ነደፉኝ፣ አልተሰማኝም። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ በሁለት እጄ ወሰድኩት። ከራሴ በላይ አደረግሁት። ማጅራቱ ከሥሬ ነበር፣ ቢኒያም የተመታበት ቦታ። ደጀን፣ ይቅር ልለው አልነበረም። እዚያው ላይ ልመልስለት ነበር።

ከአጥሩ ውጭ የአያ አራጌን ድምፅ ሰማሁ። «አነሳችለት! እናት ናት፣ አነሳችለት!» ሂባ እልል አለች። አላምረው እግሬን ጨመቀው። እሱም አምኗል፤ በታወረ ዓይኑ ያለቅሳል። ድንጋዩ አሁንም አየር ላይ ነበር። ክንዴ ደከመ ወይስ ሌላ ነገር፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ወደ ጎን ጣልኩት። ጽጌረዳዋን ሰበራት።

ከዚያ ኩበቱን አመጣሁ። የንቦቹን መውጊያ ከፊቱ ላይ በጥፍሬ ስፍቅ ከቀኑ አሥር ሰዓት አለፈ። አልሞተም። አያ አራጌ ተመልሰው ገብተው ባበጠ ከንፈራቸው «ደሙ ደርቋል» ብለው መረቁ፤ ምርቃቱ ግማሹ አልተሰማም። ግን ተባለ። በቤታችን ላይ ተባለ፣ አንተም ላይ።

ይህን ወረቀት ለሽማግሌዎቹ ብታሳያቸው እርቁ ይፈርሳል። አንብበህ አቃጥለው ልልህ ነበር። አልልህም። እጅህ ላይ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ። ድንጋዩ ከባድ አልነበረም። ከባድ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንጀራ እንደማንሳት ነው የቀለለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን አላምነውም። ሊጥ ሳቦካ አየዋለሁ። የአንተ እጅ ይህን እንዲያውቅ አልፈልግም።

ድንጋዩን ከሮማኑ ሥር አንከባልዬ አኖርኩት። መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ውሃ አደርግበታለሁ። የተረፉት ንቦች እዚያ ይጠጣሉ። ቀፎውን በሽቦ አሰርኩት፤ አልሸሹም። የነደፉት ግን አለቁ። ይህንንም ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ዛሬም ከበሶብላው ሥር እየጠረግኩ ነው።

እመቤቴ በመንገድህ ትቅደም። የወንድምህን ዕድሜ በአንተ ላይ ትጨምርልኝ። ከክፉ ሰው፣ ከገዛ እጅህም ትጠብቅህ።

ሰኔ ላይ ና። መሣሪያውን እዚያው ተወው። የኋላውን አጥር እስካሁን አላጠርኩትም፣ አቅም አጣሁ። ክፍት ነው። ከዋናው መንገድ ስትወርድ የሚቀርበው እሱ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ ግን ዞረህ በፊት በር ግባ፣ ልጄ። ቆሜ አያለሁ።

እናትህ ተናኜ