ሁለቱ የእጅጌ ጥለቶች

ጃንዋሪ 9፣ 1945፤ ምሥራቅ ፕሩሲያ

ዛሬ ሻምበል ባሻ ሆንኩ። የድሮው ባሻ እግሩን ውርጭ በልቶት ሆስፒታል ገባ፤ ሥራው ወደኔ ዞረ። በእኛ በጀርመኖች ጦር ባሻነት ኃላፊነት እንጂ ማዕረግ አይደለም፤ ማዕረጌ ያው፣ ደሞዜ ያው... የተለወጠው እጅጌዬ ነው። ኪልያን በሁለቱም እጅጌዎቼ ዙሪያ የባሻነት ምልክቱን፣ ሁለት ሁለት ብርማ ጥለት ሰፋልኝ። የሻምበል ጦሩ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያገሬ ልጅ፣ የሞዜል ወንዝ ዳር ሰው። ዓይኑ ከመርፌው አልፎ ያለውን ነገር በደንብ አያይም።

ወታደሩ ባሻን «እናታችን» ነው የሚለው። ዳቦው፣ ካልሲው፣ ፈቃዱ፣ ተረኛው፣ ሁሉም በባሻ እጅ ነዋ። ከሰዓት በኋላ አንዱ፣ እናታችን ጢሟን ሳትላጭ መጣች ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

ጃንዋሪ 11

ካልሲ የለም። ከየት ላምጣ?

ጃንዋሪ 14

ሩሲያውያን ማጥቃት ጀመሩ። ምሽጉ ላይ ሰው እየሳሳ ነው። ትዕዛዝ መጣ፦ ከኋላ ካሉት አንድ ሰው ወደ ምሽግ ይሂድ፤ ማን እንደሚሄድ ባሻ ይምረጥ...

ምግብ አብሳዩን ብልክ ማን ያበላል? የፈረሶቹን ጫማ የሚመታውን ብልክ ፈረሶቹ ጋሪውን እንዴት ይጎትታሉ? የሚቀረው ኪልያን ነው። ጠመንጃ ከያዘ ስንት ጊዜው! ፈራሁ።

ጃንዋሪ 15

ጥለቶቹን በምላጭ ፈትቼ አዛዣችን መቶ አለቃ ኦስተርካምፕ ጋ ሄድኩ። ጥለቱን ከፈታሁ ባሻነቴ ይቀራል፣ በኪልያን ፈንታ እኔ እሄዳለሁ... እንዲህ ነበር ያሰብኩት። የጅል ሐሳብ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄ የሥራው ነው እንጂ ያንተ አይደለም» አለኝ። «አንተን ብልክ ሌላ ባሻ እሾማለሁ። እሱም ልብስ ሰፊውን ይልካል። ሂድና አሰፋው።»

ማን ጋ ላሰፋ? ያው ኪልያን ጋ። ምንም ሳይጠይቅ መርፌውን አነሳ። ሰው ፊት «እርስዎ» ነው የሚለኝ፤ ዛሬ ግን ብቻችንን ነበርን።

«እኔን ነው አይደል?»

«አዎ።»

«በኔ ፈንታ ልትሄድ ነበር የፈታኸው?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ «አሁን ድርብ አድርጌዋለሁ። ከእንግዲህ ብትፈታው ሰፊ አታገኝም» አለ፤ ሳቅ ብሎ። ይቅር በለኝ ማለት አቃተኝ። ለምን አቃተኝ?

ጃንዋሪ 16

ሄደ። ሹራቤን ሰጠሁት። ትከሻው ላይ ይሰፋኛል፣ ጊዜ ቢኖረኝ አጠብበው ነበር አለ።

ጃንዋሪ 19

ሾርባው የሚሠራው በጠዋቱ የሰው ቁጥር ነው። ሲመሽ ጋሪውን ይዤ ምሽጉ ጋ ስደርስ ሰልፉ አጭር ሆኖ ጠበቀኝ። ቀኑን ሙሉ በመድፍ ሲደበደቡ ውለዋል። ኪልያንን ፈለግሁት፤ የለም። አጠገቡ የነበረውን ወታደር ጠየቅሁት። እኛ ወደ ኋላ ስንሮጥ እሱ አቅጣጫው ጠፍቶት ወደ ተኩሱ ሮጦ እዚያው ቀረ አለኝ።

«ዓይኑ እንደዚያ መሆኑን እኮ ማንም አልነገረንም፣ ባሻ።»

አልነገርኳቸውም... እውነቱን ነው። ለመቶ አለቃው እንኳ አልተናገርኩም።

ድስቱ ገና እስከ ግማሹ ሙሉ ነው። የሞተ ሰው ድርሻ ለቀረው ይታደላል፤ ደንቡ ነው። ያው ወታደር ጣሳውን እንደገና ዘረጋ። አልከፋኝም። ሥጋው ከሥር ስለሚቀር ከሥር ጨለፍኩለት። የመጨረሻውን እኔ በላሁት። ርቦኝ ነበር።