የለቅሶ ድንኳናችንን ለተዋሱት ክቡር እጩ

ለክቡር ጓድ አምሐ ይርጋ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርና የብሔራዊ ሸንጎ እጩ ተወካይ
መካኒሳ አቦ

ግንቦት 1979 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በተለይ ስለ ጉሮሮዎ አጥብቄ አስባለሁ፤ ባለፈው እሁድ በእጩ ማስተዋወቂያው ስብሰባ በአንዲት ባልቴት ላይ ድምፅዎ እስኪዘጋ መጮኽ ግድ ሆኖብዎት ነበርና፣ ዝንጅብል በማር አፍልተው ቢጠጡበት መልካም ነው። እኔ የእድራችን ዳኛ፣ ከቀለም ፋብሪካ በጡረታ የተገለልኩት በኃይሉ ኦልጅራ፣ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እግዚአብሔርን በማመስገኔ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የቆየ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት በራስዎ ግብዣ ነው። በስብሰባው መዝጊያ ላይ፣ በእጩው ላይ አስተያየት ያለው ነዋሪ ስሙን ጽፎ በጽሑፍ ቢያቀርብ በመጪው እሁድ ለሕዝብ እንደሚነበብለት በድምፅ ማጉያ አስታውቀዋል። ባለቤቴ ውብነሽ ይህ የተባለው ለማመስገን ለሚፈልጉ ሰዎች ነው ብላ ልትመልሰኝ ሞክራ ነበር። እኔ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ለአገር ሕግ ሊያወጣ የሚሄድ ሰው ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ ቃሉን አያጥፍም ብዬ ተከራከርኳት። እሷም ክርክሩን ትታ ጋቢዬን አጠበች፤ ሲደርቅም አጣጥፋ በሩ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። አንባቢ ቢዘገይ ብዬ አንዱን ቅጂ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሴቶች ከመካከላችን ተይዘው ከተወሰዱ በኋላ ስብሰባው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ፤ እንዴት እንደተያዙ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ሙሴ እርስዎን ሲያስተዋውቁ፣ ለሸንጎ አባልነት ይቅርና ሸንጎው ነገ ለሚመርጠው ለፕሬዚዳንትነት ቢታጩ እንኳ የሚያንሱ ሰው እንዳልሆኑ ተናገሩ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ በእርስዎ ስብሰባ ላይ እጅ ከባለቤቱ ፈቃድ አይጠይቅም። ይበቃሉ ወይስ አይበቁም የሚለው ክርክር ሊደረግበት የሚገባ ትልቅ ጥያቄ ሆኖ ሳለ እንዲሁ በጭብጨባ ስለታለፈ፣ የቀረውን ክርክር እኔ በትሕትና ልፈጽመው እሞክራለሁ።

፩ኛ. ሕዝብን ስለማወቅ። መሪ የሚመራውን ሰው ጠንቅቆ ማወቅ አለበት ይባላል፤ በዚህ ረገድ እርስዎን የሚስተካከል የለም። በየትኛው ግቢ ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ልጅ እንዳለ ከወለደችው እናት ቀድመው ያውቃሉ። ላፍቶ ወንዝ ዳር ጎመንና ድንች እያለማች የምትተዳደረው ባልቴት፣ ወይዘሮ አማከለች ቱሉ፣ ደገፋ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። የዛሬ ሁለት ዓመት ይህ ልጅ ጤፍ ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዞ ቆሞ ሳለ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አፍሰው ወሰዱት። ጤፉ ተራው ደርሶ ተፈጨ፤ ዱቄቱንም ከሆሳዕና አገር የመጣችው ጎረቤቷ ወይዘሮ አስቴር ተሸክማ ለእናቱ አደረሰችላት። አማከለች ያንን ዱቄት፣ ራሱ ወፍጮ ቤት የወሰደው ነውና ሲመለስ ቢያገኘው ደስ ይለዋል ብላ ማንንም አላስነካችም፤ በኋላ ነቀዘ። የእናቱ ብቸኛ ልጅ መሆኑን ሽማግሌዎች ሄደን ስንነግርዎ፣ አብዮቱ አንድ ነው ሁለት ነው አይልም ብለው አሰናበቱን። ኮታዎን ከሌሎች ቀበሌዎች ቀድመው በመሙላትዎ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የተላከልዎትን ምስጋና በዚያው ሰሌዳ ላይ አንብበን እኛም ኮርተናል።

፪ኛ. ስለ ድንኳናችን። የእድራችንን ድንኳን ለስብሰባው ጥላ እንዲሆን ሲፈልጉ ጥያቄውን ጠመንጃ በያዙ ሁለት ሰዎች ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ ለአንድ አሮጌ ሸራ ይህን ያህል አጃቢ ተልኮ አያውቅም። ድንኳኑንም አግዳሚ ወንበሮቹንም ራሴ አስረከብኩ።

እርስዎ የእድራችን አባል ነዎት፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ ግን ለቅሶ ደርሰው አያውቁም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሳይነገርዎ የቀረ ይመስለኛል። በእኛ ሰፈር ለሠርግ ከግንድና ከቅጠል ዳስ ይጣላል፤ ያ ድንኳን የሚወጣው ግን ሰው ሲሞት ነው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞትብን ደግሞ ለቤተሰቡ ወዲያው አይነገርም። ሽማግሌዎች በዝግታ ይመክራሉ፣ ድንኳኑ በጨለማ ይተከላል፣ ጎረቤት ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሲነጋጋ መርዶው ይረዳል። እዚህ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። በሩን ከፍቶ ድንኳኑን ያየ ሰው ሌላ ነጋሪ አያሻውም።

እርስዎም ሳያውቁት ሥርዓቱን አንድም ሳያጓድሉ ፈጸሙት። ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ድንኳኑን በቀበሌው ሜዳ፣ ከአማከለች አጥር ሥር አስተከሉ። የቀረ ወዮለት አስብለው ሕዝቡን ገና ጎህ ሲቀድ ጠሩ። ከከፍተኛው የሚመጡት እንግዳ ስለዘገዩ፣ እኛም በእርስዎ ስብሰባ ማውራት ስለማንደፍር፣ አንገታችንን ደፍተን ዝም ብለን ተቀመጥን። ሴቶቹ በርዷቸው ነጠላቸውን ተከናንበዋል። እኔን የእድሩን ዳኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት አስቀመጡኝ። መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ በወዲያኛው በኩል ስለተሰቀለ ከእሷ አጥር አይታይም ነበር።

አማከለች ወንድሟን ልትጠይቅ ሰበታ ሰንብታ ቅዳሜ በጊዜ ተመልሳ፣ ደክሟት ቶሎ ተኝታለች፤ ስብሰባ መኖሩን የነገራት ሰው አልነበረም። ከልጇ ደብዳቤ ካገኘች ዓመት አልፏታል። ላሟን ልታወጣ በሯን ስትከፍት ድንኳኑን አየች፣ ቀጥሎም እኛን አየች። እኔ ቀና ስል ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር፤ አንገቴን መልሼ ደፋሁ። መርዶ ነጋሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በእናቷ ቋንቋ «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄን፣ ልጄን» እያለች ወደ ድንኳኑ መጣች። ሴቶቹም መርዶው በእርግጥ የመጣ መስሏቸው ተነሡ፤ ከመካከላቸው ልጇን ወይም ወንድሟን ያልላከች ጥቂት ናትና እያንዳንዷ የራሷን አለቀሰች። አስቴር የአማከለችን ወገብ አቅፋ ያዘቻት። ድምፅ ማጉያው ለሙከራ ተከፍቶ ስለነበር ለቅሶው አካባቢውን ሁሉ አዳረሰ፤ ቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎችም ማን ሞተ እያሉ መንገዳቸውን አቋርጠው መጡ። ያን ያህል ሕዝብ ሳይገደድ ወደ ስብሰባዎ መጥቶ እንደማያውቅ እርስዎም ይመሰክራሉ።

፫ኛ. ስለ አንደበትዎ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ምስጋናዬን ማቋረጥ ግድ ሆነብኝ። ከመድረኩ ወርደው መጡ። ማይክሮፎኑን ከእጅዎ አላስቀመጡትም። ከፊቷ ቆመው ጮኹባት።

«ማነው የነገረሽ?»

ልጁ በሕይወት አለ ብሎ የሚያስብ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ምን ሆንሽ ይላል፣ ማን ሞተ ይላል፣ ከሁሉም ይልቅ ልጅሽ ደህና ነው፣ ተነሺ ይላል፤ እኛም ይህችን ቃል ስንጠብቅ ነበር። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ደገፋ መሞቱን ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድንኳኑን አይተሽ ተሳስተሻል ብዬ ልነግራት ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎን ስሰማ መልሼ ተቀመጥኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አማከለችም ለቅሶዋን ገታ አድርጋ፣ ቀና ብላ አየችዎ።

«እስካሁን ማንም አልነገረኝም» አለችዎ። «አሁን አንተ ነገርከኝ።»

አንተ በማለቷ በእሷ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መርዶ ለሚያረዳ ሰው አንቱታ እንደሚገባው በሐዘኗ ምክንያት ዘንግታው ነው። እድራችን ከተቋቋመ ጀምሮ መርዶ በድምፅ ማጉያ ሲረዳ ይህ የመጀመሪያው ነውና ስለዚህም ልናመሰግን ይገባናል። ወዲያው እንድትያዝ አዘዙ፤ ጥፋቷም የምርጫ ስብሰባ ማወክ ነው ተባለ። ወይዘሮ አስቴር የታሰረችው ከወገቧ እጇን አላነሣም በማለቷ ነው። ስንቅ የሚያመላልሱት ሴቶች እንደነገሩን ስትጸልይ ድምፅዋን ዝቅ እንድታደርግ ተነግሯታል፤ ጸሎት ቤቷ ከታሸገ ወዲህ ዝቅ ማድረጉን ስለለመደችው በዚህ አትቸገርም።

ከእሁድ ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። አንደኛው ወገን፣ ጓድ ሊቀመንበሩ የደበቁት ለእናቲቱ አዝነው ነው ይላል፤ ይህን የሚሉት ሰዎች ከፍ ባለ ድምፅ ነው የሚናገሩት። ሁለተኛው ወገን፣ ከምርጫው በፊት በቀበሌው ለቅሶ እንዳይሰማ ብለው ነው ይላል፤ እነዚህ ደግሞ ያንሾካሹካሉ። እኔ የልብዎን አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። በፋሲካ ማግስት አማከለች፣ ያለበት አገር ብርድ ነው አሉ ብላ፣ ለደገፋ ሹራብ አሠርታ ወደ ቢሮዎ አመጣች። እኔም ለሌላ ጉዳይ መጥቼ እዚያው ቆሜ ነበር። ሹራቡን በሁለት እጅዎ ተቀብለው፣ ይደርሰዋል፣ አይዞሽ አሏት። እሷም ጉልበትዎን ልትስም ጎንበስ አለች።

ያን ዕለት ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ክርክሬ ሁሉ ይህችው ናት። ለሸንጎም ይሁን ለፕሬዚዳንትነት መብቃትና አለመብቃትዎ በዚህች መልስ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ የትምህርትዎና የትግል ታሪክዎ ዝርዝር ከዚህች በኋላ ቢነበብ ይደርሳል።

፬ኛው አቤቱታ ሳይሆን ልመና ነው። ሁለቱን ሴቶች ይልቀቁልን። ደገፋ የት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው፣ ቢቻል ደግሞ በየትኛው ቀን እንደሞተ ይንገሯት። ቀኑን ሳታውቅ አርባውን ከየት ጀምራ ትቁጠር? ካህኑስ ሙት ዓመቱን በየትኛው ቀን ያስቡለት? ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ሲባል ያላትን አንድ ልጅ ሰጥታለች፤ ከጦር ግንባር የምትጠይቀው አንዲት ቀን ናት።

በመጪው እሁድ እጅ አውጡ ሲባል እኔም አወጣለሁ። የማወጣው ግን ይህ ደብዳቤ በቃልዎ መሠረት ይነበብልኝ ብዬ ለመጠየቅ ነው። እስከዚያው ድረስ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለጉሮሮዎ ፈውስ፣ እናትዎ በሕይወት ካሉ ለእሳቸው ረጅም ዕድሜና የልጃቸውን ወሬ በየቀኑ መስማትን እየተመኘሁ፣ የከበረ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ድንኳን አስረካቢዎ
በኃይሉ ኦልጅራ
የእድሩ ዳኛ

አድራሻ፦ እስከ እሁድ ጠዋት ቤቴ ነኝ። ከእሁድ በኋላ የሚኖረኝን አድራሻ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንኳኑን ነቅለን ለመጪው ስብሰባ በሌላ ስፍራ እንድንተክል ያስተላለፉት ትእዛዝ ደርሶናል፤ ለመፈጸም ግን ተቸግረናል። በእድራችን ደንብ ለቅሶ የተለቀሰበት ድንኳን የሟች ቤተሰብ ሳይፈቅድ አይነቀልም፤ የሟች ቤተሰብ ደግሞ አንዲት ሴት ናት፣ እሷም በእርስዎ እጅ ናት። ጥበቃዎችዎም እናት ያላቸው ልጆች ስለሆኑ ካስማውን የሚነካ ጠፍቷል። ስለዚህ ድንኳኑ ከነወንበሮቹ እንደቆመ ነው፤ ከመካከለኛው ምሰሶ ላይ ያሰቀሉት፣ ዙሪያውን አበባ የተደረገበት ትልቁ ፎቶግራፍዎም ከቦታው አልተነሣም። ከሀና ማርያምና ከብስራተ ገብርኤል የሚመጣው መንገደኛ የሆነውን ስለማያውቅ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ፎቶግራፍዎን አይቶ «ነፍስ ይማር» ይልና ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል። እስካሁን ያረመው ሰው የለም።