ነገረኛዋ አማት፦ የተዋናይት ወይዘሮ ሙሉወርቅ ይገዙ የሕይወት ታሪክ (1922–2009 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ይገዙ ከአባታቸው ከግራዝማች ይገዙ መኳንንት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋጋነሽ ፈጠነ ኅዳር 21 ቀን 1922 ዓ.ም. በኮልፌ ተወለዱ። ዕለቱ የጽዮን ማርያም በዓል ነበርና እናታቸውን ምጥ የያዛቸው እንግዳ ቤት ሞልቶ ሳለ ነው። ወይዘሮ ሙሉወርቅም ሰው በተሰበሰበበት መገኘት የለመዱት ያኔ ነው ይባላል።

ጠላት አገሩን ሲይዝ ግራዝማች ወደ መናገሻ ጫካ ገቡ። ጣሊያን ባለቤታቸውን እያስጠራ "ባልሽ የት አለ?" ማለት ሲያበዛ፣ ቤተሰቡ በ1930 ዓ.ም. "ግራዝማች ሞቱ" ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ቢሆኑም አባታቸው በሕይወት እንዳሉ ያውቃሉ። ሆኖም ባንዳዎች ለቅሶ ደራሽ መስለው በተቀመጡበት እንዲያ ሲያለቅሱ፣ ምስጢሩን የሚያውቁት አክስታቸው እንኳ ተጠራጥረው "እውነት ሞተ እንዴ?" ብለው እናታቸውን በጆሯቸው ጠይቀዋል። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የፈተሸ የለም፤ ግራዝማችም በ1933 ዓ.ም. በሰላም ተመለሱ።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ከነፃነት በኋላ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1941 ዓ.ም. ቴያትር ቤት ሲቀጠሩ ግን አባታቸው "እኔ አዝማሪ አልወለድኩም" ብለው ከቤት አስወጧቸው። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ ስምንት ዓመት ሳይተያዩ ቀሩ። ነገሩ ወይዘሮ ሙሉወርቅን እንደ እሳት ቢያንገበግባቸውም ሥራቸውን አልተዉም።

በ1949 ዓ.ም. እናታቸው ግራዝማችን ለምነው፣ አስለምነው ቴያትር ቤት አመጧቸው። የዚያን ቀን የወይዘሮ ሙሉወርቅ ድርሻ አባቷ የሞተባት ሴት ሆኖ ማልቀስ ብቻ ነበር። ለቅሶው ሲጀመር ግራዝማች በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብድግ ብለው "አለሁ ልጄ፣ አለሁ" አሉ። ተመልካቹ የቴያትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። አባትና ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ታረቁ።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ በዓመቱ የቴያትር ቤቱን አናጢ አቶ ፈቀደ ወዬሳን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። በስድሳ ሁለት ዓመት የመድረክ፣ የቴሌቪዥንና የፊልም ሥራ አንድም ጊዜ ዋና ገጸ ባሕርይ አልሆኑም፤ አዋላጅ፣ ወሬኛ ጎረቤት፣ ይልቁንም ነገረኛ አማት ነበሩ። "ሙሽራዋ በየዓመቱ ትለወጣለች፣ አማቷ ግን እኔው ነኝ" እያሉ ይስቁ ነበር። በ1979 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ምራታቸውን ሲያሰቃዩ ታይተው ኮልፌ ገበያ ቢወጡ፣ ወይዘሮ አልፊያ የተባሉ ነጋዴ "ልጅቷን ይቅርታ ሳይጠይቁ ሽንኩርት አልሸጥልዎትም" አሏቸው። እሳቸውም እዚያው ቆመው "አጥፍቻለሁ፣ ከእንግዲህ አይለምደኝም" ብለው ሽንኩርታቸውን ይዘው ገቡ። ወይዘሮ አልፊያ እስከ መጨረሻው የልብ ወዳጃቸው ሆነው፣ ዛሬም እዚሁ በመካከላችን ይገኛሉ።

አቶ ፈቀደ በ1988 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ሙሉወርቅም ባደረባቸው የልብ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ። ጽጌማርያም እና መኳንንት ፈቀደ የተባሉ ልጆቻቸውን፣ ስድስት የልጅ ልጆችንና ይህን የጻፍኩትን የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል። ጠግበው ኖረዋል፤ ቢሆንም ከፍቶናል።

ዛሬ የሚያርፉት ከአባታቸው ጎን ነው። ቦታውን በሕይወት ሳሉ ያስከለሉላቸው ግራዝማች ናቸው፤ በደብሩ መዝገብም "ይህ የልጄ የቴያትረኛዋ ነው" አሰኝተው አጽፈዋል።

መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ አሜን።