ስለ ፔጆዋ ሞተር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለመኳንንት፤

ሳትጠይቀኝ የፔጆዬን ሞተር አውልቀህ የውሃ መሳቢያ አደረግኸው። በደልኸኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስልክህን ያላነሣሁት ለዚህ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ ቁልቁለት ላይ አሁንም ያምሃል? ባለቤትህ ፀሐይወርቅስ? ኮምቦልቻ ዝናቡ ገባ? እኔ ጥርሴን ካልቆጠርክ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ናሆሚ «አባዬ፣ ቤት ውስጥ ሻገትክ እኮ» ብላ እዚሁ ካልጋሪ አጠገብ ወዳለችው ቸስተርሚር ከተማ ወሰደችኝ። ሐይቁ ዳር ሰዉ የድሮ መኪናውን ወልውሎ፣ ኮፈኑን ከፍቶ አሰልፏል። የእኛው የእንቁጣጣሽ ሰልፍ ታየኝ። መኪኖቻችንን ቦርከና ወንዝ ወርደን አጥበን ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ስንደረድራቸው፣ አቡበከር ከላንድሮቨሩ ላይ ሆኖ «የእናንተ ፔጆ የቀራት ኩል ብቻ ነው» እያለ ሲያበሽቀን። ከዚያ ከመናኸሪያ እስከ ድልድዩ መመላለስ ነው፤ ያለ ጉዳይ፣ ለመታየት ብቻ። አንተ ክንድህን በመስኮት ታወጣለህ፣ እኔ አስገባ እያልኩ እቆጣለሁ። ለቅሶ ቤት ጋ ስንደርስ ግን ሞተር አጥፍተን እንወርዳለን። እኔ በበሩ በኩል መሪውን ይዤ፣ አንተ ከኋላ ትከሻህን ሰጥተህ፣ ድንኳኑን እስክናልፍ ዝም ብለን እንገፋት ነበር።

ቸስተርሚር ላይ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ወንድማማቾች ናቸው፣ አንዲት አሮጌ መኪና እየገፉ መጡ። ኮፈኗ ሥር ባዶ ነው። ሞተር የሌላትን ምን ብለው ለሰው ያሳያሉ ብዬ ልስቅ ነበር። ከኋላ የሚገፋው ቆም ብሎ ጉልበቱን ሲያሽ ሳየው ግን ሳላስበው ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁ። ቦታዋ ካደረስናት በኋላ ውሃ ሰጠኝና መኪና ነበረህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔና ወንድሜ ነበረችን» አልኩት።

እስከዚያ ቀን የእኔ ናት ስል ነው የኖርኩት።

ልጅህ ኢየሩስ ለናሆሚ እንደነገረቻት፣ በዚያ የድርቅ ዓመት ሰፈሩ በሙሉ የጠጣው በዚያ መሳቢያ ከወጣው ውሃ ነው። እኔ ለምን አደረግኸው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁህም። አንተም ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር፤ በዚህ ቃሌ አይለወጥም።

ፀሐይወርቅን አክብሬ እጅ እነሣለሁ። ኢየሩስን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። አቡበከርን በሕይወት ካለ፣ ላንድሮቨሩን ዳገት ላይ ያስለው እንደነበር አልረሳሁም በልልኝ።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ደውል፤ አነሣለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለፈለግኸው እናወራለን። የሞተሩን ነገር ግን እስክሞት ከአፌ አትሰማውም፤ አንተም ይቅርታ ልበል ብለህ እንዳትጀምረኝ።

ወንድምህ ኪራኮስ
ሜይላንድ ሃይትስ፣ ካልጋሪ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.