እንድናጥበው ታዘን ስለ ሻገተው ሥር

ቀን፦ ኅዳር 9

ለእርሻ ውጤቶች የኦንላይን ሽያጭ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእጥበት ትእዛዙ እንዲሻርና የተዘጋው የሽያጭ ገጻችን እንዲከፈት ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. ለሳል የሚፈላውን ሥር የምናመርት አሥራ አንድ ቤተሰቦች ነን። አራት ዓመት በአንድ ገጽ በኦንላይን ስንሸጥ ቆይተናል። ፎቶ የማነሳው፣ ትእዛዝ የምቀበለውና ጥቅሉን ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ።

2. ይህ ሥር ከተቆፈረ በኋላ ውሃ አይነካውም። አፈሩ ላዩ ላይ እንዳለ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያ በብሩሽ ይራገፋል። እርጥብ ሳለ ከታጠበ ላዩ ደርቆ ልቡ እንደ ራሰ ይቀራል። ይህን ያስተማረችን አክስቴ ናት።

3. መስከረም 20 የእርስዎ ተቆጣጣሪ መጥተው ማድረቂያ ቤቱን ከደጅ ሆነው አዩት። ለጫማቸው ሳስተው ይመስለኛል፣ ወደ ውስጥ አልዘለቁም። አክስቴ ልታስረዳቸው ስትሞክር “እማማ፣ ደንበኛ አፈር አይገዛም” አሏት። እሷም “ልጄ፣ አፈሩ የሥሩ ልብስ ነው። ካወለቅህለት ይበርደዋል” አለች። ሳቁ። ከዚያም ምርቱ ሁሉ በተቆፈረበት ዕለት እንዲታጠብ በጽሑፍ አዘዙ።

4. ታዘዝን። ጥፋታችን ይህ ነው። አክስቴ እምቢ ስትል “ገጹን ልታስዘጊብን ነው” ብዬ የተጣላኋት እኔ ነኝ፤ የእሷንም ድርሻ በገዛ እጄ አጠብሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰጣነው። ሲዳሰስ ደረቅ ነበር። አርባ ጥቅል ላክን፤ መንገድ ላይ ሻገተ። አንዲት እናት ገጻችን ላይ የጻፉትን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ “ለልጄ ሳል ብዬ ነበር። ምነው፣ እናንተ ልጅ የላችሁም?”

5. ጥቅምት 25 ገጹ “በአያያዝ ጉድለት” ተዘጋ። ደብዳቤውን የፈረሙት እጠቡ ያሉን ተቆጣጣሪ ናቸው። ስለ ራሳቸው ትእዛዝ አንድ ቃል አላነሡም። ቢሯቸው ድረስ ብሄድ፣ ገጹ የሚከፈተው ከእንግዲህ በደንብ እንደምናጥብ ግዴታ ስንፈርም ነው አሉኝ። ጥፋቱም የእሳቸው፣ ፍርዱም የእሳቸው፤ ቅጣቱ ብቻ የእኛ።

6. ስለዚህ ትእዛዙ ተሽሮ ገጹ ከሁለተኛው ቁፋሮ በፊት፣ ማለትም እስከ ኅዳር 30 እንዲከፈት፣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነም እዚያው ገጽ ላይ በጽሕፈት ቤትዎ ስም እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ለእኚያ እናት መልስ የሚኖረኝ ያን ጊዜ ነው። አክስቴ ድርሻዋን ካጠብሁባት ቀን ጀምሮ አታናግረኝም፤ እሱን ጽሕፈት ቤቱ እንዲያስታርቀን አልጠይቅም።

7. ለማስረጃ ሁለት የታሸጉ ጥቅሎች አያይዣለሁ። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን የተቆፈሩ ናቸው። አንዱ በትእዛዙ መሠረት የታጠበ ነው። ያልታጠበውን አክስቴ ከእኔ ደብቃ አቆይታው ኖሯል፤ ይህን ማመልከቻ ልጽፍ መሆኔን ሰምታ ትናንት ደጄ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ምልክት አላደረግሁም። ተቆጣጣሪው ባሉበት ይከፈቱ፤ ለልጃቸው ሳል የሚያፈሉትን እሳቸው ይምረጡ።

መልስዎን በጽሑፍ እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የአሥራ አንዱ ቤተሰቦች ተወካይ