የአራት ቁጥር ካሴት ነጥብ

ሰኞ፣ መጋቢት 3። አመሻሽ፣ ባቡር ውስጥ።

ካሴት ስከፍት ካሴት ስዘጋ ዋልኩ። የሙዚቃ እንዳይመስልህ፣ ደብተሬ፤ የራጅ ፊልም የሚታሸግበት ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። በቀይ አምፖል ጭላንጭል ፊልሙን አወጣለሁ፣ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ እሰዳለሁ፣ አዲስ እጭናለሁ። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጨለማ ውስጥ ስለምሠራ ማንም አያውቅብኝም።

ቢጫው የባቡር መስመር ሆስፒታላችን ያለበት አሌክሳንድሪያ ከገባ ገና ሦስት ወሩ። ወንበሩ አዲስ አዲስ ይሸታል። እኔ የማጠቢያ መድኃኒት እሸታለሁ። አጠገቤ ሰው አይቀመጥም፤ ለመጻፍ ይመቻል።

ሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። የምሳ እረፍቴ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ማለትም በማልበላበት ሰዓት። የምበላው በዘጠኝ፤ በዘጠኝ እረፍት የለም። ስለዚህ ዳርክሩሙን፣ ጨለማ ክፍሌን፣ ከውስጥ ቆልፌ፣ ከኪሴ የገብስ ቆሎ እየዘገንኩ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ምግብ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ። ጨለማ ስለሆነ አይነበብም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የተባረረው ለአንድ ሳንድዊች ነው። አለቃዬ ሚስ ዶሪስ ታሪኩን በየወሩ ትነግረኛለች፤ ሳንድዊቹ የምን እንደነበር ሳይቀር።

ዛሬ ግን የምጽፈው ለዚህ አይደለም። ጋሽ ተሰማ መጥተው ነበር። የባለቤቴ የወይንሸት አጎት፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሳል አልለቅ ብሏቸው እኔው ነኝ ወደ ሆ/ሉ ያመጣኋቸው። ባለፈው ዓርብ ደረታቸውን ተነሡ፤ ቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ ነጭ ነጥብ ታየ። ዶ/ሩ ይደገም አለ። ዛሬ ተደገመ። ካሴቱን ራሴ ጫንኩ፣ ራሴ አወጣሁ። ፊልሙ ከማሽኑ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ።

አለች። ነጥቧ፣ እዚያው ቦታ። የምስር ፍሬ የምታህል።

ለዶ/ሩ አሳለፍኩት። ፊልም አጣቢ አስተያየት አይሰጥም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5። አቦ። ቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ።

ዶ/ሩ ወሰነ። የፊታችን ማክሰኞ ደረታቸው ይከፈታል። በጎን በተነሡት ላይ ነጥቧ አልታየችም፤ ትከሻ ጋርዷት ይሆናል አለ። ያሳሰበው ጠርዟ ነው። ደብዛዛ ነው። ክፋት የሌላት ነጥብ ጠርዟ ጥርት ይላል አለ።

ወይንሸት ከትናንት ጀምሮ ዕቃ ታጥባለች። የታጠበውን።

ጋሼ ራት ላይ መጡ፤ በርክ ነው የሚኖሩት፣ ልጃቸው አድርሷቸው ሄደ። የስልሳ ዓመት ኃጢአት ተጠራቅሞ ምስር ካከለ ተመስገን ነው አሉ። ማንም አልሳቀም። እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳሉ፤ ሳላቸው ረዘመ።

ለመሆኑ ያቺ ነጥብ እንዴት ተሣለች ብለው ጠየቁኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ በሰፊው አስረዳሁ። ሁለት ሳህን አነሣሁ፣ በመካከላቸው ሶፍት ከተትኩ። ሳህኖቹ ስክሪን ናቸው አልኩ፤ በካሴቱ ክዳንና ወለል ላይ የተለጠፉ ነጫጭ ካርቶኖች። ሶፍቱ ፊልሙ ነው፤ በሁለቱም ፊቱ መድኃኒት የተቀባ። ራጁ ደረትዎን አልፎ ሲመጣ ፊልሙን በራሱ እምብዛም አያጠቁረውም፤ አብዛኛው ሰንጥቆት ያልፋል። ስክሪኑን ሲመታው ግን ስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ፊልሙን የሚያጠቁረው ያ ብርሃን ነው። ስክሪን ባይኖር ለአንድ ፎቶ ስንት እጥፍ ራጅ ይጠጡ ነበር። አጥንት ራጁን ያስቀራል፣ ስክሪኑ እዚያ ላይ አይበራም፣ ፊልሙ ነጭ ይቀራል። ሳንባ አየር ነው፤ ያሳልፋል፤ ይጠቁራል።

ጋሼ ሶፍቱን ከሳህኖቹ መሀል ስበው አገላብጠው አዩት። የወጥ ጠብታ ነክቶታል።

«ታዲያ በመካከል ነገር ቢገባስ?» አሉ።

ብርሃኑ ፊልሙ ላይ አይደርስም አልኩ። ነጭ ይሆናል። ነጭ ነጥብ።

ከዚያ በኋላ የበላሁትን አላስታውስም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6። ሥራ ቦታ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ቆሎ አልበላሁም።

በየስክሪኑ ጥግ ቁጥር አለ፤ ፊልሙ ላይ አብሮ ይወጣል። የጋሼን ሁለቱንም ፊልሞች የመብራት ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩ። የዓርቡ፣ 4። የሰኞው፣ 4።

ዳርክሩም ገብቼ ነጩን መብራት አበራሁ። አራት ቁጥርን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ልጥፍ ብላ፤ የገብስ ገለፈት። አንዲት። ወይንሸት የቆላችው።

ጠርዟ ለምን እንደደበዘዘ ገባኝ። ገለፈቷ ፊልሙን ከስክሪኑ ታርቀዋለች፤ ሁለቱ ሲራራቁ ምስል ይፈዝዛል። የጋረደችውም አንዱን ፊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደ አጥንት አልነጣችም፣ እንደ ሥጋ ነው የመሰለችው። ዶ/ሩን ያስፈራው ሁሉ የእኔ ቆሎ ነው።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ስክሪን ላይ ቆሻሻ ሳይ እጄ አያስችለውም፤ ሦስት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ገለፈቷን በጥፍሬ አነሣሁ። ስክሪኑን በማጽጃው ወለወልኩ። እስኪደርቅ ጠበቅሁ። አዲስ ፊልም ጫንኩ፣ ዘጋሁ። ማሰብ የጀመርኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ማስረጃውን አጥፍቼ ምስክሩ ብቻ ቀረሁ።

ሕግ ተምሬአለሁ ብዬህ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 7። ባቡር።

ፊልም የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ ባለ 4 ቁጥር ፈለግሁ። የአንዲት ሴት አገኘሁ። ካሴቱ ተገልብጦ ስለነበር ነጥቧ ከሳንባዋ በታች፣ ሆዷ ላይ ወድቃለች። ማንም አላያትም። ዕድለኛ ሴት።

ዶ/ሩን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። በሌላ ካሴት አንድ ጊዜ ቢደገምስ አልኩ። ለምን አለ። አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ምናልባት አቧራ ቢሆን አልኩ። ሁለት ጊዜ ተነሥተዋል፣ አቧራ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጥም አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሊፍት ውስጥ ገባ። የተጣበቀ ቆሎ ግን ይቀመጣል። ይህን ያልኩት ሊፍቱ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም። የሥራ ደብዳቤዬን የምትጽፈው ሚስ ዶሪስ ናት። ይሄ ሰበብ አይደለም። ሰበብ ነው።

ደግሞስ፣ ከገለፈቷ ሥር እውነተኛ በሽታ ቢኖርስ? ሳላቸው እኮ የእኔ ቆሎ አይደለም። ይህን ሳስብ ለምን ቀለል እንዳለኝ አላውቅም። አውቃለሁ። አልጽፈውም።

እሑድ፣ መጋቢት 9። ከበርክ መልስ።

ጋሼ ጠሩን። ንስሐ አባታቸው መጥተው ሄደዋል። ጋቢያቸውን አጥፈው ለወይንሸት ሰጧት፤ ሆ/ል ዕቃ ይጠፋል ብለው። ሰዓታቸውን ለልጃቸው። ሁሉን ነገር እንደ ተራ ነገር፣ ለገበያ እንደሚወጣ ሰው።

እኔን ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ማክሰኞ አጠገቤ ሁን አሉ። ከዚያ፣

«ዶክተሮቹን አላውቃቸውም፣ ልጄ። እዚያ ቤት የማምነው አንተን ነው። አንተ አይተኸው ዝም ካልክ፣ እውነት ነው ማለት ነው።»

እሺ ጋሼ አልኩ። እሺ አልኩ!

ስንመለስ ወይንሸት ናት የምትነዳው። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ዳርክሩሙን፣ ካሴቱን፣ ወልውዬ መዝጋቴን። ቤታችን ደርሰን ሞተሩን ካጠፋች በኋላ፣ ቆሎውን ሁለት ጊዜ አበጥሬው ነበር አለች። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሌላ ሥራ ይገኛል አላለችኝም። እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግም አላለችኝም። ብትል ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 10። ጠዋት። ከሚስ ዶሪስ ቢሮ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ።

ገለፈቷ ፖስታ ውስጥ ናት። ሐሙስ ዕለት አልጣልኳትም፤ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ነበር የከተትኳት። ሦስቱ ፊልሞች ብብቴ ሥር ናቸው፤ የጋሼ ሁለቱ፣ የሴትየዋ አንዱ። ሦስቱም ላይ 4።

የምለውን ተለማምጃለሁ። ዳርክሩም ውስጥ በልቻለሁ። ከዚህ ነው የምጀምረው። ስለ ጾም አላነሣም፤ ጾሙን ካነሣሁ ጥፋቴን እግዜር ላይ መለጠፍ ይመስላል። ከዚያ አንድ ፊልም እለምናለሁ፣ ዛሬውኑ፣ ከአራት ቁጥር በቀር በፈለጉት ካሴት። ካሴቱን የሚጭነውም ሌላ ሰው ይሁን።

ጋሼን ወይንሸት በጠዋት አምጥታቸዋለች። ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ታች ተቀምጠዋል። ለምን እንደመጡ አልጠየቁኝም። እሳቸው አያውቁም እንጂ ከሚስ ዶሪስ ቀጥሎ ይህን ሁሉ የምነግረው ለእሳቸው ነው። የሚከብደኝ ያ ነው።

ፊልሙ ንጹሕ ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። ሳላቸው ከዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ሚስ ዶሪስ መጣች። ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች ነው። በጠዋቱ ምን ልርዳህ አለችኝ። ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ደብተሬ፤ ፖስታውን እየዘረጋሁላት ነው።