ታጥበው የተመለሱት ሰሌዳዎች

ሃልቨርሰን፣ ሚኒሶታ
እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 1

ለምወድህ ልጄ ለኬንት፣

የዋሽንግተን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን ሳይህ ከስተሃል። ሸሚዝህ ነው የሰፋው ወይስ አንገትህ ነው የቀጠነው እያልኩ ንግግርህን ሳልሰማው አለፈኝ። እኛ ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱ ያመዋል፣ መብሉን ግን አልተወም።

ማክሰኞ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ሎረን ቲቬት መሸነፉን ሰምተሃል። ያንን የግዛት ሴኔት ወንበር የእኛ ወገን አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አጥቶት አያውቅም። ለአባትህ ደውለህ «በረዶ ነው አባዬ፣ ሰው አልወጣም፤ የጃንዋሪ ምርጫ ስለ ኖቬምበሩ ምንም አይናገርም» ስትለው ከጎኑ ሆኜ ሰምቻለሁ። በቴሌቪዥን ከሚያወሩት ግማሾቹ እንዳንተ ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ በኖቬምበር አንተም፣ እንዳንተ ያሉትም ሁሉ የኮንግረስ ወንበራችሁን ታጣላችሁ ይላሉ። እኔ የእነሱ ስሌት አይገባኝም። በረዶው ግን ለሁለቱም ወገን ነው የወረደው፣ ልጄ። ጎረቤታችን አርዲስ እንኳ በዚያ በታመመ ዳሌዋ፣ ምርኩዟን ይዛ መጥታ ተሰልፋለች። ሎረንን ለመምረጥ እንዳልመጣች ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ሌላ ሰው አይነግርህም።

ከገና በኋላ አባትህ ሎረንን ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ሰነበተ። በሩን የዘጋባቸው የለም። ፓይ ቆረሱላቸው፣ ቡና ቀዱላቸው፣ የሎረን ስም ያለበትን ሰሌዳም «እሺ፣ እዚያ በረዶው ላይ ትከሉት» አሏቸው። አባትህ በተመለሰ ቁጥር «አለቀ ቨርና፣ ሎረን ገብቷል» ይለኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ኖሮ የዚህን አገር ሰው ይሉኝታ እንዴት እንደረሳው! ደጁ ድረስ የመጣን ሽማግሌ ማን ነው «አልመርጥልህም» የሚለው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ከረመ።

ከምርጫው በኋላ ሐሙስ ዕለት ሰሌዳዎቹ ይመለሱ ጀመር። የመንገዱ ጨው ታጥቦላቸው፣ ተወልውለው፣ በረንዳችን ላይ ተደረደሩ። አርዲስም የእሷን ከሎሚ ኬክ ጋር ይዛ መጣች።

«መትከያ ሽቦው ለሌላ ጊዜ ይሆናችኋል ብዬ ነው» አለች።

አባትህ አመስግኖ ተቀበላት። ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ። «ጨዋ ሕዝብ ነው» አለኝ። «አዎ፣ ጨዋ ነው» አልኩት።

ሎረን ምን አጠፋ? ዛሬ እንኳ አፍሮ ቤተ ክርስቲያን ሳይመጣ ቀረ። ጣጣው ሆስፒታላችን ነው። አንተ ያንን የሕክምና ገንዘብ የሚቀንስ የበጀት ሕግ የደገፍክ ጊዜ ሰው ሁሉ ሰግቶ ነበር። ለአባትህ «ሆስፒታሉ አይነካም» አልከው። እሱም በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤትም፣ በእህል ጎተራውም፣ በፀጉር ቤቱም «ልጄ አይነካም ብሎኛል» እያለ ለሁሉም ነገረ። ሰው ያመነው አንተን እንዳይመስልህ። ቃሉን አጥፎ የማያውቀውን አባትህን ነው ያመኑት። ሆስፒታሉ በኖቬምበር መጨረሻ፣ ከምስጋና ቀን በዓል በኋላ ተዘጋ። በገና ሰሞን የአርዲስ የልጅ ልጅ ሩቅ ወዳለው ሆስፒታል ስትሮጥ አውራ ጎዳናው ዳር መኪና ውስጥ ወለደች። ሕፃኑ ደህና ነው፣ ተመስገን። አርዲስ እስከ ዛሬ ለአባትህ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። ይኸው ነው የሚያስለቅሰኝ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ያሸነፈችው የከብት ሐኪሟ ሮቢን ናት። በፀጉር ቤቱ «ምን እናድርግ፣ በአውራጃው የቀረችን ሐኪም እሷ ብቻ ናት!» እያሉ ይሳሳቃሉ አሉ። አባትህ ሲገባ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ።

እኛም ማክሰኞ አብረን ሄደን ነው ድምፅ የሰጠነው። ከአዳራሹ ስንወጣ ክንዴን ይዞ «ሎረን ከኛ ቤት ሁለት ድምፅ አገኘ» አለኝ። እኔም «ኮትህን ቆልፍ፣ ብርድ ይመታሃል» አልኩት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ትናንት ያንተን የድሮ ሰሌዳዎች ከምድር ቤት አውጥቶ ሲወለውል አገኘሁት።

«በረዶው ሲቀልጥ ቤት ለቤት መዞር እጀምራለሁ» አለኝ። «ቀደም ካልኩ ኬንትን አይጥሉትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጉልበትህ? ደግሞስ ስለ ሆስፒታሉ ቢጠይቁህ ምን ልትላቸው ነው?»

«ኬንት በል የሚለኝን።»

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። አንተ በኖቬምበር ብትሸነፍ ሌላ ሥራ ታገኛለህ፤ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። አባትህ ያለው ይቺ ከተማና ስሙ ብቻ ናቸው። ዘንድሮም ፓይ ይቆርሱለታል፣ ሰሌዳውንም ይቀበሉታል፣ እሱም ያምናቸዋል። እኔ ያንን ዳግመኛ ቆሜ ለማየት አቅም የለኝም። አንተው ራስህ ና። የአርዲስን በር ራስህ አንኳኳ፣ ሕፃኑንም እቀፈው፣ የምትላትንም በገዛ አፍህ በላት። ለአባትህ ደግሞ ደውለህ «አባዬ፣ በዚህ ጊዜ ቤትህ ተቀመጥ» በለው። እኔ ብለው አይሰማኝም። አንተ ያልከውን ሁሉ ግን ያምናል።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ፤ እውነቱን የሚነግርህ ሰውም አያሳጣህ።

እናትህ
ቨርና